ከበሩ የሰፋው አልጋ

ሐጂራ አልሰጥም ያለችው አልጋዋን ነው። ወርቅ የላት፣ መሬት የላት። የነበራት፣ በሸዋ ሮቢት ከዋናው አስፋልት ጀርባ በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርስ ጥቂት የቀረው የዋንዛ አልጋ ነበር፤ ጠፍሩ የበሬ ቆዳ፣ እግሩ እንደ ሙቀጫ የወፈረ። ባለቤቷ ጣሪቅ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አናጢ ነበር። ቤቱን በተከራዩበት ዓመት ሳንቃውን በትከሻው እየተሸከመ አስገብቶ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ልጎ፣ እዚያው ገጥሞ ሠራው። ሲጨርስ አልጋው ከበሩ ሰፍቶ ተገኘ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

«ጣሪቅ፣ ወይ በሩን ታሰፋለህ ወይ አልጋውን ታጠብባለህ» ቢሉት፣

«እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው፤ አልጋው ምን አስቸኮለው?» አላቸው።

እንዳለውም በቃሬዛ ወጣ። አልጋው ቀረ።

የይፋት ቆላ ሲግል ሰውን ከጣራ ሥር አያስቀምጥም። ከሚያዝያ ጀምሮ የግቢው ተከራይ ሁሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ አልጋውን እያወጣ በደጅ ይደረድራል፤ የአንዱ ራስጌ ከሌላው ግርጌ እየተነካካ፣ በወሬና በሳቅ መካከል ይተኛል። ደጅ ወጥቶ የማያውቀው የሐጂራ አልጋ ብቻ ነበር። እርሷና ልጇ ሂዳያ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ላባቸውን እየጠረጉ በውስጥ ያድሩ ነበር።

ትኋኑ የተገለጠው ባለፈው ግንቦት ነው። አስቀድሞ በልጆች ክንድ ላይ ቀያይ እብጠት ታየ። ሁሉም ትንኝ ነው አለ፤ በቆላ ትንኝ የማይወቀስበት ነገር የለምና። ኋላ ግን ጎረቤቷ ነኢማ ትራሷን ስታራግፍ፣ የተልባ ፍሬ የመሰለ ነገር እግር አውጥቶ ሲሮጥ አየች። ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን አዳረሰው።

አከራዩ ጋሼ ያሕያ ተከራዮቻቸውን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። ሰውዬው የሽንኩርት ማሳ ባለቤት፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማይወዱ ሰው ነበሩ።

«ይህ ግቢ ንጹሕ ነበር» አሉ። «ትኋን ክንፍ የለው፤ አልጋ ተሳፍሮ ነው የመጣው። እናንተም ደጅ ጎን ለጎን እየደረደራችሁ አጋባችሁት። ጠፍር ያለው ማነው? የትኋን ቤቱ ጠፍር ነው።»

የሁሉም ዐይን ወደ ሐጂራ ዞረ። ነኢማ አንገቷን ደፍታ አጉተመተመች።

«ይኸ ግቢ የመንገደኛ ማደሪያ በነበረ ጊዜ ከጀውሃ የሚመጡ ሾፌሮች ትኋኑን ፈርተው ተቀምጠው ነበር አሉ የሚያድሩት። ያኔ የሐጂራ አልጋ የት ነበር?»

ጋሼ ያሕያ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ፍርዳቸውንም ሰጡ፤ ሐጂራ ግቢው የሚጸዳበትን ወጪ ሁሉ ትችላለች፣ ክፍሉንም ትለቃለች። ሐጂራ ከወጪው ይልቅ የፈራችው ስሙን ነው። ማሾ ከምትለቅምበት መጋዘን እስከ ገበያው ድረስ «ትኋን ይዛ የገባችው» ከተባለች፣ በሮቢት በር የሚከፍትላት እንደማይኖር ታውቃለች።

በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጦ አቤቱታ የሚጽፍ ዳንኤል የሚባል ሰው ነበር። ወደ እርሱ ሄደች።

«ምን ይጻፍ፣ እትዬ?»

«ትኋን።»

«ትኋንን ነው የሚከሱት?»

«ባለቤቱን ነው እንጂ።»

«ትኋን ባለቤት የለውም።»

«ግድግዳው አለው።»

ዳንኤል ብዕሩን አስቀመጠ። «ይስሙኝማ። አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚበቃ ሁኔታ የማስረከብ፣ በዚያውም ሁኔታ የማቆየት ግዴታ አለበት። ጉድለቱን ያመጣው ተከራዩ ከሆነ ግን ኀላፊነቱ ወደ ተከራዩ ይዞራል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከአልጋው ወደ ግድግዳው ሄደ ወይስ ከግድግዳው ወደ አልጋው መጣ? በምን ያስረዳሉ?»

ሐጂራ ነገረችው፤ አልጋው እዚያው ክፍል ውስጥ ከእርጥብ ሳንቃ እንደ ተሠራ፣ ከበሩ እንደሚሰፋ፣ አንድም ቀን ደጅ እንዳላደረ። «በበር የማያልፍ አልጋ እንዴት ወጥቶ ያጋባል?»

ዳንኤል ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «እንግዲያው ማንም እንዳይነካብዎት። ከወጣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ከተቆረጠ በኋላ ይህን ያህል ይሰፋ ነበር ቢሉ የሚያምንዎት የለም።»

«ፎቶ ባነሣውስ?»

«ፎቶውን ይከራከሩበታል። የታወቀ ባለሙያ በዐይኑ አይቶ ይለካው።»

ዳኛው አቤቱታውን ተቀብለው፣ ባለሙያ ክፍሉን አይቶ የግድግዳውንም ምርጊት ፍቆ እንዲመረምር፣ እስከዚያም በክፍሉ ውስጥ ያለ አንዳች ነገር እንዳይነካ አዘዙ። ጋሼ ያሕያ ትእዛዙን ቆመው በአክብሮት ሰሙ። ወደ ግቢያቸው ሲመለሱ ለነኢማ፣ «ዳኛው ያሉት የርሷን ክፍል ነው፤ የቀረው ቤቴ ነው» አሏት።

በማግሥቱ ከማሳቸው የሽንኩርት ትል የሚገድለውን ኬሚካል አስመጡ፤ በጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል። ለእርሻ እንጂ ለመኝታ ቤት እንዳልሆነ እርሳቸውም ያውቃሉ፣ የሮቢት ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በጀርባ የሚታዘል መርጫ የያዘ የቀን ሠራተኛ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ረጫቸው። እንደ በሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ነገር ግቢውን ሞላው። የነኢማ ድመት ከኒሙ ሥር ጥርሷን አግጥጣ ተገኘች፤ ዶሮዎቹም ክንፋቸውን እየጎተቱ አለቁ። ተከራዮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው መውጣት ያዙ። በየበሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ።

ትኋኑ ግን ከመሞት ይልቅ መሸሽ መረጠ። ያልተረጨ ክፍል አንድ ብቻ ነበረና ሁሉም ወደዚያ ነጎደ። ጨለማ የሚወድ ፍጥረት በቀትር ከምርጊቱ ስንጥቅ ሲወርድ፣ ሐጂራ እጇን አጣጥፋ አየችው። አልጋዋን በፈላ ውሃ ልታጥበው ተነሣችና የዳኛው ቃል ትዝ ሲላት ጀበናውን መልሳ አስቀመጠች። ሂዳያ ማከኩን ትታ ዝም ማለት ጀመረች፤ እናቷን ያስፈራት ዝምታዋ ነው። ልጅቱን ካራቆሬ ወዳለች አክስቷ ላከቻትና ብቻዋን ቀረች።

ባለሙያው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ጋሼ ያሕያ በደጇ ቆሙ። ከኋላቸው መርጫ ያዘለው ሰው፣ ከእርሱም ጎን መጋዝ የያዘ ሌላ ሰው ነበር። ነኢማንም ሐጂራን ታግባባለች ብለው ከተዛወረችበት አስጠርተዋት መጥታለች። ሐጂራ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ሰላምታቸውን ተቀበለች።

«እርቅ ይሻላል» አሉ ጋሼ ያሕያ በዚያው በለዘበ ድምፅ። «ክሱን ታነሺያለሽ። አልጋው እዚሁ ተቆርጦ ይቃጠላል። ከአልጋው መምጣቱን በሽማግሌ ፊት ታምኛለሽ። እኔ ወጪውን እተውልሻለሁ፤ ክፍሉም ላንቺ ይሁን።»

«ባልልስ?»

«ያንቺን ክፍል አልነካም፤ የዳኛ ትእዛዝ አለበት። ከጎንሽ ያለውን ግን ዛሬ ደግሜ አስረጫለሁ። ግድግዳው እንደምታዪው ስንጥቅ ነው። ነፋሱን ማን ይከለክለዋል?»

ነኢማ ወደ በሩ ጠጋ አለች። «ሐጂራዬ፣ ድመቷን አይተሻታል። እንጨት ነው እኮ፤ ተነሽ ውጪ።»

ሐጂራ መጋዙን አየች። ደጅ ብትወጣ፣ እስክትመለስ ድረስ አልጋው ሙሉ ሆኖ እንደማይቆያት ገባት። መርጫ ያዘለው ሰው የአጎራባቹን ክፍል ቁልፍ ከፍቶ ገባ፤ የመርጫው እጀታ ሲወርድና ሲወጣ በግድግዳው በኩል ተሰማ። ነኢማ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አለች። ሐጂራ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ እግሯን ከወለሉ አነሣችና ጠፍሩ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ጋሼ ያሕያ መልሷን እየጠበቁ በመቃኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ነበር። እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ ያሕያ፣ እርቅ የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። አንቱ እርቅ የሚሉት ግን ያላመጣሁትን አመጣሁ ብዬ እንድምል ነው፤ ወላሂ አልልም። ያስረጩ፤ ቤቱ የአንቱ ነው፣ ግድግዳውም የአንቱ ነው፣ ከግድግዳው የሚመጣውም ሁሉ የአንቱ ነው። እኔ ከዚህ አልወርድም። ነገ ባለሙያው ሲመጣ ተነሥቼ ከከፈትኩለት እሰየው፤ ካልከፈትኩለትም በሩን ሰብሮ ይግባና መጀመሪያ አልጋውን ይለካ፣ ከዚያ እኔን ያንሣ።»