ሁለቱን ሶሻሊስቶች ያስታረቅሁ ቀን

የምኖርባት የዩለስ ከተማ ላይብረሪ ድምፅ ልሰጥ ሄጄ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሁለት ነጮች ጀርባ ለጀርባ ቆመው ወረቀት ያድላሉ። ሁለቱም ለኮንግረስ ይወዳደራሉ።

"ትሮትስኪ የሚባል የሩሲያ አብዮተኛ ተከታዮች ነን። የምንታገለው ለሠራተኛው ነው" አለኝ ራሰ በራው።

"እኔም የኤርፖርት ሠራተኛ ነኝ። ሶ፣ ለየትኛችሁ ልስጥ?"

"ለእሱ እንዳትሰጪ እንጂ፣ ማም። ፓርቲያችንን ለሁለት የከፈለው እሱ ነው።"

"ውሸቱን ነው" አለ ጺማሙ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

የቤተ ክርስቲያናችንን ቦርድ ያስታረቅሁ ሴትዮ እነዚህ ሊያቅቱኝ? "ካልታረቃችሁ ድምፄን አታገኟትም" አልኩና ለምሳዬ የያዝኩትን ጥብስ የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘርግቼ ተጎራረሱ አልኳቸው። መጀመሪያ ተግደረደሩ። ጺማሙ ሲያጎርሰው ግን ራሰ በራው እንባው መጣ። እኔም ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያማ ባሰባቸው፤ አንዱ "ለእሱ ስጪው" ሲል ሌላው "በፍጹም፣ ለእሱ ነው" እያለ፣ ምግብ ቤት ሂሳብ እንደሚሻማ አበሻ ሆኑ።

ስልኬን ሰጥቻቸው ስለነበር በሳምንቱ ኮል አደረጉልኝ።

"ማም፣ ፎቶውን አይተው ሁለታችንንም ከየፓርቲያችን አባረሩን።"

ክው አልኩ። "በእኔ ጦስ?"

"ግዴለም፣ የራሳችንን አዲስ ፓርቲ መሥርተናል። ለሚቀጥለው ምርጫ ማን ይወዳደር በሚለው ግን እንደገና ተጣላን።"

"ታዲያ መጥቼ ላስታርቃችሁ?"

"አያስፈልግም፣ ተስማምተናል። የምትወዳደሪው አንቺ ነሽ።"