የዘለልኩት መስመር

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልጅነት ነው ብላችሁ እንዳታልፉልኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ጎፋ ውስጥ የሃያ ሴቶች የራስ አገዝ ቡድን አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን እንቆጥባለን፣ በየተራ እንበደራለን። አለቃ የለንም፤ ስብሰባውን በየሳምንቱ ሌላዋ ትመራለች። ደንቡንም ያወጣነው ራሳችን ነን። የጻፍኩትና የማነበው ግን እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ባልገባም ፊደሉን ከወንድሞቼ ደብተር ለቃቅሜ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ ሰምተው ያምኑኛል።

ከመካከላችን ሩቂያ ጉሊት ሽንኩርት ትሸጣለች። ከፀሐይ ወጥታ አንዲት ሱቅ ልትከራይ የብድር ተራዋን ስትጠብቅ ባሏ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሦስት ቅዳሜ ቀረች። በአራተኛው መጣች። ደንቡ ይነበብ ተባለ።

«ሦስት ጊዜ ተከታትላ የቀረች ከቡድኑ ትሰናበታለች» ብዬ ያለቀ አስመስዬ ድምፄን ጣልኩ፣ ደብተሩንም አጠፍኩ። ቀጥሎ «በራሷ ወይም በቤተሰቧ ሕመም ካልሆነ በቀር» ይላል። አየሁት። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ዘለልኩት።

ለምን? በዚያ ወር ከሌሎች ቡድኖች ጋር የምትሰበሰብ ተወካይ ልንመርጥ ነበር። የሴቶቹ ዓይን ሩቂያ ላይ ነው፤ ስትመራ ዝምተኛዋን ሁሉ እያሳቀች ታናግራለች። እኔ ደግሞ ወንበሩን ፈለግሁት። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አብራን የምትቆጥበው አክስቴ እትዬ አስካለ ብቻ ጠየቀች። «ለታመመ ያልነው ነገር አልነበረም እንዴ?»

«የተጻፈው ይሄ ነው፣ እትዬ።»

ሩቂያ ቁጠባዋን ተቀብላ፣ «ደንብ ደንብ ነው፤ አብረን ነው ያወጣነው» ብላ ወጣች። በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታ ሃያው ሞላ። እኔም ተመረጥኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ብር ብሰርቅ እመልሰው ነበር። የሃያ ሴት ቃል ሰርቄ ለማን እመልሳለሁ? ስንቱን ስብሰባ ስለ እኩልነት ተናግሬ አስጨብጭቤያለሁ!

በመጪው ቅዳሜ ሩቂያ ባለችበት ያንን መስመር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ውረጂ ካሉኝ እወርዳለሁ፣ ውጪ ካሉኝም እወጣለሁ። ማሩኝ አልልም፤ ማሯት የምትል ካለች ሩቂያ ትበል።

ሩቂያ ባለችበት ማለቴ፣ ወደ ቡድኑ ተመልሳለች። የመለስኳት ግን እኔ አይደለሁም። ሩቂያ በወጣች በሳምንቱ አክስቴ መጥታ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ፊደል አስቆጥሪኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አስተማርኳት። በዓመቱ ደንቡን ተዋሰችኝ፤ እስከ መጨረሻው መስመር አንብባ መለሰችልኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ለቡድኑ «እኔ ደክሞኛል፣ ቦታዬን ለሩቂያ ስጡልኝ» አለች። ሴቶቹ እሺ ሲሏት ጉሊቱ ድረስ ሄዳ ሩቂያን አመጣቻት። የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።