ካቦው ያልታጠበበት ውሃ

የእናቴ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነበር። በጥጥ እርሻው ላይ የሚሠራ ለቃሚ ሁሉ ቁጥር አለው። ካቦው ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ በየጆንያው ላይ ይጽፋል፤ ሲመዘን የማን ጆንያ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። የእሱን ሰባት ከመቶ ሰው ጽሑፍ መካከል ብታመጡልኝ እለየዋለሁ። ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርግበታል።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ለፋሲካ፣ ካቦው ለሴቶቹ ስጦታ ሰጠ። ለእያንዳንዷ አንድ ባዶ ሰማያዊ ጀሪካን። ለጥጥ ትል የሚረጨው መድኃኒት የመጣበት ነው። እንዳይጣሉበት ብሎ በዚያው ቀይ ቀለም የየጆንያቸውን ቁጥር ጻፈበት። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ሲቀላ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ጀሪካን ያለው ሰው ሀብታም ነው። እናቴ በአመድና በአሸዋ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ ገልብጣ አደረቀችው፤ ከዚያ ሞላችው።

ከዚያ ውሃ መጀመሪያ የጠጣችው ታናሽ እህቴ ናት። አራት ዓመቷ ነበር። እናቴ እርሻ፣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርን። ስመለስ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቋታል፣ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አዝዬ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሐኪሙ «ምን በላች?» ሲል እናቴ ደርሳ ነበርና «ማንጎ» አለች። የታጠበ ጀሪካን ማንንም ትዝ አላለውም። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ካቦው ለቅሶ መጣ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ዘገነ። ሽማግሌዎቹ፣ እንደ እኛ አገር ደንብ፣ ስለ ጎሜ አነሱ። ጎሜ ማለት የተከለከለ ነገር በጣሰ ሰው ላይ ወይም በልጁ ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው። ጎሜ የሚርቀው አጥፊው በሰው ፊት ሲናዘዝ ብቻ ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት ናት፤ ጎሜን ግን ከገረሴ ደጋ ይዛው ነው የወረደችው። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን መረመረች። ከዚያ በሁሉም ፊት ተነስታ፣ ሙሽራ ሳለች፣ እህቴን አርግዛ ሳይሆን እኔን አርግዛ ሳለች፣ ርቧት አዲሱን የገብስ እሸት ሽማግሌ ሳይባርከው ቀጥፋ እንደበላች ተናገረች።

«ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች።

ካቦው ያን ቀንም መጥቶ ንፍሮውን እያኘከ ነበር። «እግዜር ይማርሽ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እሸት በአፏ አልዞረም። እርሻም አልተመለሰችም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ዘግቼ በእሷ ቦታ ገባሁ፤ ሠላሳ ሰባትን ወረስኩ። ያ የመጀመሪያ ውሃ ተደፋ፤ ጀሪካኑ ግን ቤት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። እሱ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የእሸቱ ነበር።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ያኔማ ይብስብኝ ነበር። ካቦው በዚህ ይቀልድ ነበር። «ይቺ አፏን ገረሴ ጥላው ነው የወረደችው» ይላል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ለዚሁ ዝምታዬ ሲል ከለቀማ አውጥቶ ቢሮ አካባቢ ሻይ እንዳፈላ አደረገኝ። ወሬ አታወጣም ማለቱ ነው። ያኔ «አንቱ» እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አልለውም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የጥጡ ገዢዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ አስረዳ። ባሕር ማዶ ሸሚዙን የሚገዛው ሰው ጥጡ ሲበቅል ውሃ እንዳልመረዘ፣ ዓሣና ወፍ እንዳልገደለ ማወቅ ይፈልጋል። «ከዘሩ እስከ ሸሚዙ ድረስ ያለው መንገድ ንጹሕ ካልሆነ ገዢ የለንም» አለ። ሰውየው ከልቡ ይመስለኛል። ካቦው ከጎኑ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

በማግስቱ ካቦው ጠራኝ። «ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው አሉ። ይሄን ቆሽሿል፣ በንጹሕ ገልብጪልኝ» ብሎ የባዶ ዕቃዎችን መዝገብ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ጣቴን እያስከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የመድኃኒት ጀሪካን እጀታው ውስጡ ክፍት ስለሆነ መርዝ ተጠራቅሞ ይቀራል፤ በእጥበት አይወጣም፤ ለውሃም ለእህልም አይውልም፤ ተበስቶ ይቀበር ይላል። ከሥሩ «ይህን አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል አለ፤ የካቦው ፊርማ አለበት። ቀኑን አየሁት። ከዚያ ፋሲካ ሁለት ወር ይቀድማል።

እየገለበጥኩ ወደ ፋሲካው ሳምንት ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ባዶ ጀሪካኖች በእኔ ፊት ተበስተው ተቀብረዋል።» እሱንም ጻፍኩት። ፊደሌን ከሌላው ቀን የበለጠ አሳመርኩት።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ጀሪካኑን ብቻ «ያፈሳል» ብዬ ከውሃ ቦታ አነሳሁት። ብነግራት አታምነኝም ነበር፤ ሽማግሌ ያጸደቀውን ኑዛዜ የገዛ ልጇ ብትሽረው ለእኔ ደግሞ ትፈራለች። ልጅሽን አልገደልሽም የሚለውን መስማት ያለባት ከገደለው ሰው አፍ ነው። ይሄን ካሰብኩ በኋላ እንቅልፌ እንኳ ተስተካከለልኝ።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዲት ፈረንጅና ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ። በዚያ ጠዋት ለሴቶቹ ጓንትና ቦት ጫማ ታደለ። «ማታ ትመልሳላችሁ» አለ ካቦው።

ቁጥር አሥራ ሁለት የምንላቸው አሮጊት ለቃሚ ጓንቱን እያገላበጡ፣ «እኔን የሚድሩኝ ለማን ነው?» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ በነጭ ጓንት!»

«እትዬ ዝም ብለው ይልበሱ። ከጠየቋችሁ ሁልጊዜ አለን ነው የምትሉት።»

«ሁልጊዜማ አለን። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሁልጊዜ።»

ምሳ ማንጎው ጥላ ሥር ቀረበ፤ የጫሞ ዓሣ ጥብስ ነበር። ለቃሚዎቹ ከምሳ በኋላ ስለሚጠየቁ ትንሽ ራቅ ብለው ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ማስታጠብ የእኔ ሥራ ነው። ፈረንጇን፣ አስተርጓሚውን፣ ሥራ አስኪያጁን በማንቆርቆሪያ አስታጠብኩ። ማንቆርቆሪያውን ለሦስት ሰው የሚበቃ ብቻ ነበር የሞላሁት። አራተኛው ካቦው ነው።

ማድ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ሰማያዊውን ጀሪካን አመጣሁ። ከቤት ተሸክሜው ነው የመጣሁት። ውስጡ ያለውን ውሃ ጠዋት ከቧንቧ ቀድቼዋለሁ፤ ደጋግሜም አጥቤዋለሁ። ይሄን የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም። በዚያች እጀታ ይዤ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ አልኩ።

ካቦው ከሥራ አስኪያጁ ጋር እየተሳሳቀ ሳያየኝ እጁን ዘረጋ። አፈሰስኩ። ቀዝቃዛው ሲነካው ዞር አለ፤ ዓይኑ ቀዩ ቁጥር ላይ፣ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያለበት ሰባት ላይ አረፈ። እጁን ከእሳት እንዳወጣ ሰው ሰበሰበና ሱሪው ላይ ይፈትገው ጀመር።

«አንቺ! አብደሻል? የመድኃኒት ጀሪካን እኮ ነው! በዚህ ውሃ እጅ ይታጠባል?»

ጮኾ ነው ያለው። አስተርጓሚው ለፈረንጇ ነገራት። እሷም አንድ ነገር አለች፤ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቁጥሩ ምንድን ነው? ጆንያዎቹ ላይ ያየነው ዓይነት ነው ትላለች» አለኝ።

ስንት ቀን ያጠናሁት ሦስት ቃል ነበረኝ፤ «የእናቴ ቁጥር ነው።» አልወጣም። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ውሃው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። በውስጤ፣ ይሄው፣ አፌን ገረሴ ነው የጣልኩት አልኩ።

በእኔ ፈንታ የመለሱት እትዬ አሥራ ሁለት ናቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ተነሱ።

«የእናቷ ቁጥር ነው። ሕፃን ልጅ የሞተችባት ሴት። ለፋሲካ እሱ ነው የሰጠን፤ የእኔም ቤቴ አለ፣ ጠላ እጠምቅበታለሁ።»

«የእኔም አለ!» አለች ሌላዋ።

«ሂዱና አምጧቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ቤታቸው ቅርብ የሆኑት ሮጡ። ሰማያዊ ጀሪካኖች ማንጎው ሥር አንድ በአንድ ተደረደሩ፤ ሁሉም በቀይ ቁጥር፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ። ፈረንጇ በእኔ ፊደል የተጻፈውን መዝገብ ገለጥ አድርጋ፣ አስተርጓሚው ሲያነብላት፣ ጀሪካኖቹን ፎቶ አነሳች። ዓሣው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ካቦው አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያየኝ ዓይኔን እሰብር ነበር። ያን ቀን አልሰበርኩም።

ፈረንጇ እናቴን ማየት ፈለገች። በመኪናቸው ሄድን፤ ካቦውም አብሮ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው ግባ ያለው። እናቴ በር ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስታይ መቀመጫ ፍለጋ ተነሳች። ጎረቤቶች ወጡ፤ በለቅሶው የነበሩት ሽማግሌም መጡ።

«ንገራት» አለው ሥራ አስኪያጁ።

ካቦው መሬት እያየ በአገራችን ቋንቋ ተናገረ። «ጀሪካኑ መርዝ ነበረበት። ቅበር ተብዬ ነበር። መቅበሩ ሰልችቶኝ ነው የሰጠኋችሁ። ልጅቷ ስትሞት ገባኝ።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ከዚያ በፊት «ጋሼ» ስትለው የኖረች ሴት፣ «አንተ» አለችው። «እኔ እሸቴን ስናዘዝ የት ነበርክ?»

«ምንጣፉ ላይ።»

«ንፍሮዬን እየበላህ?»

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና፣ «ጎሜው የእሱ ነው» አሉ። እኔ የጠበቅኩት ያንን ቃል ነበር። እናቴ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣ ለቅሶ ያኔ ወጣ።

ገዢዎቹ በዚያ ዓመት ጥጡን አልወሰዱም። ባዶ ዕቃዎቹ ሁሉ ተበሱ፤ የመድኃኒቱ መጋዘን ከውሃው ቦይ ራቀ፤ ጓንቱ የእውነት ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ገዙ። እስከዚያ ግን ለቀማ ቀዝቅዞ ስንት ሴት ያለ ሥራ ተቀመጠች። ገበያ ውስጥ «ይቺ ናት እንጀራችንን የደፋች» ሲሉ ሰምቼ በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ። ለእነሱ አዝናለሁ። ላደረግኩት ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ካቦው ተባረረ። ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በራችን ላይ ተንበርክከው ስለ እሱ እርቅ ለመኑ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ እንቢ አይባልም። እናቴ ይቅር አለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝ ሣሩን ረግጬ አልፍ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ከሲቀላ ወደ ሴቻ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ ተቀመጠ። አርጅቷል። ዳገቱ ላይ ሳል ያዘው። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አውጥቼ፣ «ይጠጡ ጋሼ» አልኩት። በሰው ፊት፣ ሳልንተባተብ። እሱ ግን ላስቲኩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ መንገድ መሃል ወረደ። በመስኮቱ እያየሁት ጠጣሁት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ከገረሴ የተላከላትን የገብስ እሸት እየፈለፈለች ነበር። «ተይው አሁን» አለችኝ። ከዚያ ከመዳፏ ላይ ቆንጥራ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፤ የቀረውን ለእኔ ሰጠችኝ።