የተቆለፈው የፈረሶች ጥናት

ባለፈው ጥቅምት እንጅባራ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ከየወረዳው እየተመረጥን ነው የሄድነው። ጠዋቱ እንደ አገሩ ልማድ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ነበር። አዳራሹ ግን ሞቋል። በር ላይ የታሸገ ውሃና እስክርቢቶ እያደሉ አስገቡን። መድረኩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ የየዘርፉ ምርምር በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኩል ለሁሉም ክፍት መሆኑን ያበስራል።

ዋናው ተናጋሪ ሲወጣ አወቅሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ገፍቷል፣ ዶክተር የነበረው ፕሮፌሰር ሆኗል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ራሱን እያዳመጠ የሚናገር ሰው ድምፅ።

«እውቀት የጋራ ሀብት ነው» አለ እጁን ዘርግቶ። «ምርምር ከመደርደሪያ ወርዶ ሕዝብ ዘንድ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የታገልሁት ለዚህ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት መምህርት «እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለችኝ። እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ለእሷ ያልነገርኋትን እዚህ ልጻፈው። በዕድሜም በማዕረግም ይበልጠኛልና አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ያደግሁት ዳንግላ ነው፣ ባጃጅ ገና ሳይበዛ። የከተማው ሰውም እህሉም በጋሪ ነበር የሚጓጓዘው። ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም አያ ዘለቀ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ለዩኒቨርሲቲ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ «ያስተማረሽ ቦራ ነው» ይሉኝ ነበር። ቦራ ፈረሳቸው ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ደረተ ሰፊ። አያ ዘለቀ ተሳፋሪውን በአማርኛ፣ ቦራን በአዊኛ ነበር የሚያናግሩት። ልጅ ሆኜ ፈረስ ሁሉ አማርኛ የማይሰማ ይመስለኝ ነበር። በክረምት ጭቃው እስከ ጋሪው ጎማ ወገብ ሲደርስ ወርደው፣ አንገቱን አቅፈው፣ በጆሮው የሆነ ነገር ይሉታል፤ እሱም ይስባል።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ዶክተሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ዳንግላ መጣ። የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ከዞናችን ውጭ የሆነ፣ እኔም የተማርሁበት ነው። የዳንግላን ጋሪ ፈረሶች እያሳመመ የሚጥል አንድ የቆዳ በሽታ ነበር። ቆዳው ሥር እንደ ገመድ ቋጠሮ ተሰልፎ ይወጣና ይፈነዳል፤ ፈረሱ እየከሳ ይሄዳል። ዶክተሩ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነጂዎቹን ሰበሰበ፤ ከታመመውም ከጤነኛውም ፈረስ ደም ይወሰድ አለ። ሥራቸውን ፈትተው ቀኑን ሙሉ ፈረስ ያዙለት። አያ ዘለቀም ከቦራ ደም አስወሰዱ። ሲሄድ «ውጤቱን ይዘን እንመጣለን» አላቸው። ያን ቀን አያ ዘለቀ ቤታቸው ወስደው ድንች በዳጣ፣ የገብስ ጠላም አቅርበውለት ነበር። በደንብ በላ።

ተመልሶ ግን አልመጣም።

ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ቦራ ታመመ። አያ ዘለቀ ደውለው «ደረቱ ላይ ቋጠሮ ወጣበት» ሲሉኝ ድምፃቸው የሰው ሕመም የሚያወሩ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው መጡ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ለእኔ ቆሎ በፌስታል ይዘው። ዶክተሩ ቢሮ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ከረፋድ እስከ ምሳ መቃረቢያ ድረስ ሰው እየገባ ይወጣል፤ እኛን ዞሮ ያየን የለም። በመጨረሻ ራሱ ቁልፉን እያንቃጨለ ወጣ።

«ምን ፈለግህ?» አላቸው። አጎቴ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ።

አያ ዘለቀ ተነሥተው እጅ ነሱ። «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። የዳንግላው ጋሪ ነጂ ነኝ፤ ከፈረሴ ደም ወስደው ነበር። አሁን ታመመብኝ። ያገኙትን ቢነግሩኝ ብየ ነው የመጣሁ።»

«ውጤቱ ለሚመለከተው አካል ይገለጻል።»

«የሚመለከተው ማነው ጌታዬ? ፈረሱኮ የኔ ነው።»

ዶክተሩ ሳቀ። ክፉ ሳቅ እንኳን አይደለም፤ ሕፃን ተሳስቶ የተናገረ ጊዜ እንደምንስቀው ያለ ነው። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «እነዚህን ማን ነው ያስገባቸው?» አለና ወደ ምሳው ሄደ።

መናኸሪያ ስሸኛቸው ሰውየውን እየረገምሁ ነበር። አያ ዘለቀ ግን «ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ አትፍረጂበት» አሉኝ። ደግነታቸው ከሰውየው ንቀት ይልቅ አቃጠለኝ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድሁ። ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ለጉብኝት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ጥናቶቹ ግን በየኮሌጁ ተከፍለው በየክፍሉ ተቆልፎባቸዋል። የአንዱ ኮሌጅ ተማሪ የሌላውን ክፍል ደጅ አይረግጥም። የአፈር ሰዎቹ ስለ ዳገት እርሻ የደረሱበትን የሰብል ሰዎቹ አያውቁም፤ ሕግ የሚያጠኑት ስለ መሬት ሲጽፉ የኢኮኖሚክስ ሰዎች ከግድግዳው ማዶ ስለዚያው መሬት ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ውሻ የታሰረበት ግቢ ነበር። ውስጡ የሚሰረቅ ነገር ይኑር አይኑር ውሻው አይጠይቅም፤ ይጮኻል።

የእንስሳት ሕክምናውን ክፍል የሚጠብቀው ሰው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «የጂኦግራፊ ተማሪ ስለ ፈረስ ምን አገባት?» አለኝ።

«የአጎቴ ፈረስ ታሞ ነው።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት ውሰዱታ!» አለና በቀልዱ ራሱ ተደሰተ።

ያገዘችኝ ሰላም ናት። መኝታ ክፍል እንጋራ ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ። ፈረስ ቀርቶ ድመት የምትፈራ ልጅ ነበረች፤ ዕጣዋ ሆኖ ነው እዚያ የተመደበችው። ነገሩን ስነግራት መታወቂያዋን ይዛ ተነሣች። ጥናቱን በስሟ አውጥታ ማንበቢያ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ጥራዙ አዲስ ነበር። ካስቀመጡት ወዲህ የከፈተው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ገጾቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር።

የምስጋናው ገጽ ዲኑን ያመሰግናል፤ ባለቤቱን ያመሰግናል፤ የመኪናውን ሾፌር ሳይቀር ያመሰግናል። የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች የሉበትም። መሐል ላይ የቦራ ፎቶ አለ። ልጓሙን የያዘው የአያ ዘለቀ እጅ ይታያል፤ ከአንጓው በላይ ያለው ሰውነታቸው ተቆርጦ ወጥቷል።

የሚፈለገው ነገር መጨረሻው ላይ ነበር፤ ሰላም በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። በሽታው ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚሻገረው በቁስል በኩል ነው። ዝንብ ያሻግረዋል፤ ነጂዎቹ የሚዋዋሱት ልጓምና ጠፍር ያሻግረዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሁሉንም ፈረስ ቁስል የሚያጥቡበት አንድ ጨርቅ ያሻግረዋል። ቋጠሮው እንደጀመረ ቢታከም የመዳን ተስፋ አለው፤ ከገፋ ግን የለውም። የታመመው ይለይ፣ ዕቃው ይቃጠል ይላል። ይኸው ነው። አንድ ሰው ጋሪ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ቡና እስኪፈላ ባለ ጊዜ ሊናገረው የሚችል ነገር ነው። ይህን ነው የቆለፉበት።

ሰላም ጥራዙን ዘግታ «ይህንማ ያን ጊዜ ቢነግሯቸው ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ከእንግሊዝኛው አንድ ገጽ በማይሞላ አማርኛ ገለበጥነውና ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም ዳንግላ ወረድን። መስከረም ሊያልቅ ነበር። መንገዱ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል፤ ጭቃው መጠንከር ጀምሯል። ጋሪ ማቆሚያው ላይ ነጂዎቹ ተሰበሰቡ። እኔ አነበብሁ፤ ከገጠር ለመጡት አያ ዘለቀ በአዊኛ ተረጎሙላቸው። ይግዛው የሚባል አንድ ነጂ «ጨርቅ እንዴት ፈረስ ይገድላል? አባቶቻችን በምን ያጥቡ ነበር?» ብሎ ተቆጣ። ሰላም፣ ድመት የምትፈራዋ ልጅ፣ ወደ ይግዛው ፈረስ ቀረብ ብላ፣ አንገቱ ሥር ዳብሳ፣ ገና ብቅ ያለ ቋጠሮ አገኘች። ጨርቁን ይግዛው ራሱ ነው ከጋሪው ሥር አውጥቶ የጣለው።

ለቦራ አልደረስንም። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አይቶት ራሱን ነቀነቀና በመርፌ አሳረፈው። አያ ዘለቀ ግንባሩን ይዘው እስኪወድቅ ድረስ በአዊኛ ያናግሩት ነበር። ከዚያ ልጓሙንና ጠፍሩን ጓሮ ወስደው እሳት ለቀቁበት። ዘመዶቻችን «ቢያንስ ልጓሙን ለሰው ይስጡት እንጂ» ቢሏቸው «ጥናቱ ይቃጠል ይላል» አሉ። ለዶክተሩ ጥናት ከልቡ የታዘዘ የመጀመሪያው ሰው አጎቴ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የይግዛው ፈረስ ዳነ። ሌሎችም በጊዜ የታከሙ ዳኑ፤ በዚያ በጋ በሽታው ጋብ አለ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ዩኒቨርሲቲው ድረስ ደውሎ «ጥናታችሁን በአማርኛ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን» አለ። ምስጋናው ነው ያስያዘን።

ዶክተሩ እኔንና ሰላምን ቢሮው አስጠርቶ አቆመን።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ሰዎቹ ያስፈልጋቸው ነበር» አልሁ።

«ጽሑፉ ገና መጽሔት ላይ አልወጣም! የምርምር ሥራ ነው፣ የገበያ ወሬ አይደለም። ያልተማረ ሰው አዛብቶ ቢተረጉመው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«ፈረሶቹ ድነዋልኮ!» አለች ሰላም።

እስከ ዛሬ የማልረሳው መልሱን ነው። ጠረጴዛውን መታና «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው!» አለ።

ያን ጊዜ ንዴቴ ሲወጣልኝ ተሰማኝ። ትልቅ ሰው ላይ ይናደዱበታል፤ ይህ ግን ትልቅ አልነበረም። ከፊቴ የቆመው፣ ስሙ መጽሔት ላይ እስኪወጣ የአንድ ከተማ ፈረስ ቢያልቅ ግድ የሌለው፣ ቤቱ ድረስ ጋብዞ ያበላውን ሽማግሌ አንተ የሚል ሰው ነው። ከረባቱን አየሁት፣ መደርደሪያው ላይ የደረደራቸውን ጥራዞች አየሁ፤ እንደ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ታየኝ። ዕቃ ቤት ጠባቂ እንኳ የሚጠብቀው ለሚወስደው ሰው ነው።

የኮሌጁን የጥናት ክፍል ከለከለን። እኔ ድሮም አልገባበትም ነበር፤ የተጎዳችው ሰላም ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን የቀደሙ ጥናቶችን ሳታይ፣ ከሌላ ከተማ በልመና እያስላከች ጻፈች። አንድ ቀን እንኳ «በአንቺ ምክንያት» አላለችኝም። የዶክተሩም ጽሑፍ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣለት፣ ተሾመበትም። አያ ዘለቀ ሌላ ፈረስ ሳይገዙ፣ የሰው ጋሪ ሲነዱ ኖረው አረፉ።

እንግዲህ በጥቅምቱ ስብሰባ የተጨበጨበለት እሱ ነው። በምሳ ሰዓት ሳህኑን ይዞ በየጠረጴዛው እየዞረ እጅ ሲጨብጥ እኔ ጋ ደረሰ።

«የት ነው የማውቅሽ?»

«አታውቀኝም» አልሁት። አንተ ማለቴን ሰምቶ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ፈገግታውን አስተካክሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

ጨርቁ ላይ የተበሰረው የኢንተርኔት አገልግሎት ግን እውነት ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ያቋቋሙት መድረክ ላይ ያልወጡ፣ ከኋላ ሽቦ ሲቀጣጥሉ የዋሉ የቤተ መጻሕፍት ወጣቶች ናቸው። ከሰዓት ወደ ዳንግላ በሚመለሰው ሚኒባስ ተሳፍሬ ስልኬ ላይ ከፈትሁት። የአፈሩም፣ የሕጉም፣ የሰብሉም፣ የቋንቋውም ጥናት ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ፣ ስለ ድንች የተጻፈ አንዱን ማንበብ ጀመርሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት የአዘና ሴትዮ ስልኩ ላይ ያለውን የድንች ቅጠል ሥዕል አይተው «ይኸ የኛን ድንች የሚያጠቁረው አይደለም እንዴ? ምን ይላል?» አሉኝ።

«የበሰበሰውን ድንች ማሳ ዳር አትጣሉት፤ በሽታው ከእሱ ላይ ይነሣል ይላል።»

«እኛኮ እዚያው ነው የምንጥለው!» ብለው ከኋላ ለተቀመጡት ጎረቤታቸው በአዊኛ ነገሯቸው። እሳቸውም ወደ ፊት አጎነበሱ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው «ታዲያ ይኸ ሁሉ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ተቆልፎበት።»

«ማን ቆለፈበት?»

ስሙ ምላሴ ላይ መጣ፤ ከነማዕረጉ። ብነግራቸው ግን ምን ያደርግላቸዋል?

«አንድ የማይረባ ሰው» አልኋቸውና ወደ ድንቹ ተመለስን።