የማይጠረገው ምርቃት

ያኔ ሐረር ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከጭንቅላቴ ይልቅ በሸሚዜ ንጣት የምኮራ ቂል። ኤረር በር አጠገብ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ጥርስ ስላልነበራቸው ጫታቸው በሙቀጫ ተወቅጦ ነበር የሚቀርብላቸው። አረንጓዴው ዝቃጭ በጺማቸው ሲወርድ ሳይ ሸሚዜን እንዳይነካብኝ ወደ ኋላ እሸሻለሁ።

ላገባት የፈለግኳትን ልጅ ለመጠየቅ ለሽምግልና የምልከው ሌላ ሰው ግን አልነበረኝም። የልጅቷ አባት፣ ጡረተኛ ወታደር፣ የሚያከብሩት አከራዬን ነው። «ልጁን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ስላሉም አግቢው አብሮ አይሄድም የሚለውን ደንብ ትቼ አብሬ ልሄድ ተነሣሁ።

«ጎንበስ በል፣ ልመርቅህ» አሉኝ ሽማግሌው አፋቸው እንደሞላ። «አላህ ይባርክህ! ወልደህ ሳም! እንትፍ! እንትፍ!»

በአገሩ ወግ ጠብታ ይበቃ ነበር። የእሳቸው ግን ጎርፍ ሆነ፤ ሞቅ ያለ፣ ፍርፋሪ ያለው ጎርፍ፣ ከግንባሬ እስከ ኮሌታዬ። መሐረቤን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ምርቃት ይጠረጋል እንዴ፣ የኔ ልጅ? በራሱ ይድረቅ!»

ብጠርገው ሽማግሌዬን ላጣ ነው፤ እሳቸውን ካጣሁ ደግሞ ልጅቷን። ትንፋሼን ውጬ፣ ዝንብ አስከትዬ፣ ከከተማው ግንብ ውጭ እስካለው የወታደሩ ቤት ተጓዝኩ።

ወታደሩ አዩኝና አፍንጫቸውን ያዙ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርቃቴ ነው» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው። «አልጠረገውም።»

ወታደሩን ሳቅ አመለጣቸው። «ይሄን የቻለማ ልጄንም ይችላታል!»

ችያታለሁ፤ እሷም ችላኛለች። መቻልን ያስተማሩኝ ሁለቱ ሽማግሎች ናቸው፤ ያንን ሽታ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።