የጠዋት እርጥበት

በመካነ ሰላም ዙሪያ የግብርና ባለሙያ ሆኜ እንደተመደብኩ፣ የመጀመሪያ ምክሬን የሰጠሁት ለአባቴ ነው።

አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ያርሳሉም። የበልግ ገብስ ከመዝራታቸው በፊት አንድ ልማድ አላቸው። በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ክንዳቸው እስኪገባ ይቆፍሩና ከታች ያለውን አፈር ጨበጥ አድርገው ያዩታል። አፈሩ ካልተድበለበለ ዘር ከጎታ አይወጣም።

እኔ ግን ማሳው ላይ የደረስኩት ማልጄ ነው። ወሩ የካቲት ነበር፤ ከሁለት ቀን በፊት ካፊያ ጥሏል፣ ሌሊቱን ውርጭ ነበር። ከላይ አንድ እፍኝ አፈር አንስቼ ብጨብጠው እንደ ጭብጦ ተድበለበለ። ጎረቤቶች አዲሱን ባለሙያ ሊያዩ ቆመዋል።

«ይዝሩ አባዬ፣ እርጥበቱ በቂ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ሞላ አድርጌ።

ሌላ ዘር አልነበረንም። ያ ገብስ ካልደረሰ ክረምቱን የሚያሻግረን እህል እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ አፈሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዘሩን አስወጡ።

ቀትር ላይ ማሳው አቧራ ሆኖ ነበር። ምክንያቱን ኮሌጅ ተምሬ ፈተና ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ሌሊት የአፈሩ ገጽ ሲቀዘቅዝ፣ ከሥር ሞቅ ባለው አፈር ውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅዝቃዜው ሲያገኘው መልሶ ውሃ ይሆናል። ፀሐይ ስትበረታ ያ ሁሉ ተንኖ ይሄዳል። እኔ የጨበጥኩት የአንድ ሌሊት ውሃ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ከላይ ነው የያዝኩት።

ገብሱ ብቅ አለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ። ሁለተኛውን ዝናብ የጠበቁት ጎረቤቶቻችን አጨዱ፤ የእኛን መድረቅ ግን በዝናቡ እንጂ በምክሬ አላሳበቡም። ክረምቱን በጓያ ከረምን። እናቴ የጓያውን ቂጣ ለእኔ አስቀድማ ትቆርስልኝ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ያን ጊዜ እንደ ልማድዎ ለምን አልቆፈሩም አልኳቸው።

«በዋዜማው ቆፍሬ ነበር» አሉ። «ከሥሩ ደረቅ ነው። ግን በሰው ፊት ዝራ ካልከኝ ወዲያ፣ እኔ አባትህ እምቢ ብልህ ከእንግዲህ ማን ይሰማሃል?»

በራሴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ገበሬዎቹ ዛሬም ይሰሙኛል።