የሬይና መባቻ

ሬይና አልባላግ የሰው ልብስ ማጠብ የጀመረችው ባሏን ዮምቶብን ግማሽ አካሉ ከከዳው በኋላ ነው። ዮምቶብ በአናጺነቱ ቤቱን ሲያስተዳድር እሷ እንደ እናቷ ወር በባተ ቁጥር ሳሙናም መርፌም ሳትነካ ትውል ነበር። በአይሁድ ዘንድ ወር የሚብትባት አዲስ ጨረቃ የሴቶች በዓል ናት። አባቶች በምድረ በዳ ለጥጃው ወርቅ ሲሰበስቡ ሴቶቹ ጌጣችንን አንሰጥም ስላሉ የተሰጣቸው ዕረፍት ነው ይባላል። ኋላ ግን መባቻውም እንደ ሌላው ቀን ሆነ። ኢየሩሳሌም፣ ናሕላኦት በሚባለው ሰፈር፣ ከላምባ ምድጃዋ ሥር አጎንብሳ ስታሽና ስትጨምቅ ትውላለች፤ ሲመሽ ደግሞ ባሏን አገላብጣ ታጥባለች።

በዚያ ክረምት ደመናው አልገለጥ አለ። ዮምቶብ አልጋው ላይ ሆኖ መስኮቱን ያያል።

«ጨረቃዋን ሳትሞላ ካላየናት እኮ የዚህ ወር ቡራኬ አመለጠን» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

«ያምልጣ! ጨረቃ ምን አድርጋልህ ነው?»

«አነሰች፣ ጠፋች ስትባል ትመለሳለች። እኛም ሕዝቧ እንደሷ ነን።»

«እሷስ ትሞላለች። የኔ ሥራ መጉደል ብቻ ሆነ።»

ዮምቶብ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሬይና ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አቅም አጣች።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ደመናው ተቀደደ። ዓሣ ሻጩ ሳቤታይ ሁለት ጎረቤቶች አስከትሎ በሩን ደበደበ።

«እመት ሬይና፣ ባልሽን ስጭን! ያለሱ ጨረቃዋን አንባርክም።»

«አብደሃል? ደረጃውን ማን ያወርደዋል?»

«የዓሣ በርሜል የምሸከም ሰውዬ አንድ አናጺ ያቅተኛል? አጥንት ብቻ እኮ ነው!»

«አጥንቴ ካንተ ምላስ ይከብዳል!» አለ ዮምቶብ ከአልጋው። ሲቀልድ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ!

ከነወንበሩ ተሸክመው አወረዱት። ወንዶቹ ወደ ጨረቃዋ ቀና ብለው ባረኩ፣ ሊደርሱባት እንደሚሹ ሁሉ ተረከዛቸውን እያነሱ ዘለል ዘለል አሉ። ዮምቶብም ደህናውን ተረከዙን አነሳ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ እያንዳንዱ ለሦስት ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ዮምቶብ ለሳቤታይ ሰጠ፤ ለአንደኛው ጎረቤት ሰጠ። ሦስተኛው ላይ አንገቱን ወደ ደረጃው አዞረ፤ ሬይና ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ቆማለች።

«ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሬይና።»

ይህ የወንዶች ሥርዓት ነው።

«ላንተም ሰላም» አለች።

«መባቻሽን ነጠቅኩሽ።»

«አንተ ምን ታደርግ፣ የኔ ጌታ።»

ቀጣዩ ወር፣ ሳባጥ፣ ሲብት አንዲት ደንበኛ ጥቅል ልብስ ይዛ መጣች። ሬይና በሩ ላይ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ «ዛሬ አላጥብም፤ ነገ አምጪው» አለቻት። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሌላ አጣቢ ፍለጋ ሄደች፤ አልተመለሰችምም።

«ተቆጣች?» አለ ዮምቶብ።

«ተቆጥታ ሄደች።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ። እግሬ አብጧል፤ እስቲ ጠጋ በልልኝ።»

ደህናው ክንዱ እንደቻለ ጠጋ አለላት። ሬይና ከነጫማዋ አጠገቡ ጋደም አለች፤ ውጭ ሻጮች ሲጯጯሁ ሁለቱም በቀትር ብርሃን እንቅልፍ ወሰዳቸው።